የጤና ሂሳባችን ለማን ይነበባል?



በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ የሚጠጋውን የሚከፍለው መንግሥት አይደለም፤ ለጋሽ አገርም አይደለም። የሚከፍለው የታመመው ሰው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው፤ በካርድ ክፍል መስኮት፣ በላቦራቶሪ፣ በመድኃኒት ቤት፣ በጥሬ ገንዘብ። ይህን የምናውቀው ጤና ሚኒስቴር በየጥቂት ዓመቱ ከሚያስጠናው ብሔራዊ የጤና ሂሳብ ነው። ከ1988 በጀት ዓመት እስከ 2012 ድረስ ስምንት ጊዜ ተሠርቷል፤ ሠሪዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ከወጣ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይታተማል፤ በሆቴል አዳራሽ ይመረቃል፤ ከዚያ ወዲያ መደርደሪያ ላይ ይውላል። ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ክርክር አንድ ነው። ሲሶውን ለሚከፍለው ሰው ሂሳቡ ሊነበብለት ይገባል። ይህን የምለው ለከፋዩ በማዘን አይደለም። ከፋዩ ያላየው ጥናት ራሱ ጎደሎ ሆኖ ስለሚቀር ነው።

ለምን ጎደሎ እንደምለው ለማየት ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ መመልከት ያስፈልጋል። የመንግሥት ወጪ ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከክልል ፋይናንስ ቢሮዎች መዝገብ ይወሰዳል። የለጋሾችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ወጪ በመጠይቅ ይሰበሰባል። አስቸጋሪው የቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ መዝገብ አይዝም፤ ደረሰኝ ቢሰጠውም አያስቀምጥም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው ቤት ለቤት ይዞርና ይጠይቃል፦ ባለፉት ሳምንታት ከዚህ ቤት ማን ታመመ? የት ሄደ? ለካርድ ስንት ከፈላችሁ? ለምርመራስ? ለመድኃኒትስ? እናትየው የምታስታውሰውን ትናገራለች። የመርፌውን ዋጋ ታስታውስ ይሆናል። ሕመምተኛውን ደግፎ የሄደው ልጅ ከሥራ የቀረበት ቀን ግን በመጠይቁ የሕክምና ወጪ ውስጥ አይገባም፤ ለጸበል የተጓዙበትንም እሷ ራሷ ከሕክምና አትቆጥረው ይሆናል። ለሕክምና ሲባል የተሸጠው በግ ደግሞ የገበያ ነገር ሆኖ ሌላ ቦታ ይጻፋል፤ ወይም ጨርሶ አይጻፍም። ኋላ በአገር ደረጃ አንድ በመቶኛ ሆኖ የምናነበው ቁጥር የተገነባው በእንዲህ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መልሶች ላይ ነው። ይህ ጥናቱን የሚያጣጥል ነገር አይደለም፤ በብዙ አገሮች የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቁጥሩ ግን ተርጓሚ የሚፈልግ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እንመልከት። በ1997 በጀት ዓመት ለጤና የወጣው ገንዘብ ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ሰው 7 ዶላር ገደማ ነበር። በ2000 ወደ 16 ዶላር ወጣ፤ በ2003 ወደ 21፣ በ2006 ወደ 29፣ በ2009 ወደ 33፣ በ2012 ወደ 36 ዶላር ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ በየቦታው ተሠርቷል፤ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው ወደየቀበሌው ወጥተዋል። ከኪስ የሚከፈለው ድርሻም በ2000 ከመቶ 37 የነበረው በ2012 ከመቶ 31 ገደማ ሆኗል። በየመድረኩ ይህ እንደ መልካም ዜና ይነገራል፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም አንድ ቀላል ማባዛት እንሥራ። የ16 ዶላር 37 በመቶ 6 ዶላር ያህል ነው። የ36 ዶላር 31 በመቶ ከ11 ዶላር ይበልጣል። ድርሻው ቀንሷል፤ ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ዶላሩ ራሱ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል መርከሱን ብናስብ እንኳ ጭማሪው ከግማሽ በላይ ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት በዓመት 55 ዶላር፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ1,700 ብር በላይ ማለት ነው። ይህም አማካይ ነው፤ ሕመም ደግሞ በአማካይ አይመጣም። አንዱ ቤት ዓመቱን ሙሉ ደህና ይሆናል፤ በሌላው ቤት ኩላሊት ይታመማል።

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ «ከኪስ የሚከፈለው ቀነሰ» የሚለውም፣ «ከኪስ የሚከፈለው ጨመረ» የሚለውም። የመጀመሪያው የሥርዓቱን ቅርጽ ይናገራል፤ ሁለተኛው የቤተሰቡን ኑሮ። ለሚኒስትርና ለለጋሽ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። በዚህ ላይ በዶላር የሚነገር ሂሳብ የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ወጪ የሚቆጥር ጥናት በዶላር ብቻ ቢነገረን ለጤና የምናወጣው ያሽቆለቆለ መስሎ ሊታየን ይችላል፤ ከውጭ የሚመጣውን የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛው ሰው ግን የሚያውቀው የብሩን ዋጋ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ደግሞ ዜሮ ነው። በ2008 በተደረገው የቤተሰብ ፍጆታ ዳሰሳ ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት ከጠቅላላ ፍጆታው ከአሥር በመቶ በላይ ለሕክምና ያወጣው ሕዝብ ከመቶ ሁለት ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህን የሚያነብ የውጭ ሰው «ኢትዮጵያውያን ሕክምና አያደኸያቸውም ማለት ነው» ሊል ይችላል። እዚህ ያለነው ግን ሌላ እንጠረጥራለን። ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪ ይመዘገባል፤ «ይሻለኛል» ብሎ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ወጪው ዜሮ ነው። ጤነኛውም ዜሮ፣ ገንዘብ አጥቶ የቀረውም ዜሮ። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ አንድ ሰው ይመስላሉ። ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ወረዳ ቢቀንስ ምክንያቱ የጤና መድን ስለ ሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ መሄድ ስላቆመም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ማነው? አዲስ አበባ ያለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ አይለየውም። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትለየዋለች፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይለየዋል፤ ጎረቤት ይለየዋል። እነሱ ጋ ያልደረሰ ቁጥር ትርጉሙን ሳያገኝ ይቀራል ማለቴ ስለዚህ ነው። ጥናት ማካፈል ሲባል ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትምህርት ተደርጎ ይታሰባል። እኔ የምለው ቁጥሩ ወርዶ ማብራሪያው እንዲወጣ ነው።

አሁን ያለው መንገድ ምን ይመስላል? የምርምር ድርቅ የለብንም። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2002 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም በኩል የጎንደርም ሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህር በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንዙ ግን ግቢው በር ላይ ይደርቃል። መምህሩ የአካዳሚክ ዕድገት የሚያገኘው በታወቀ የውጭ መጽሔት ላይ በሚያወጣው ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ለወረዳ ምክር ቤት ለሚጽፈው ሁለት ገጽ ማንም ነጥብ አይሰጠውም። ሁለቱን ገጽ ባይጽፍ አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለፖሊሲ አውጪዎች አጫጭር ጽሑፎችን ማዘጋጀትና የውይይት መድረክ መክፈት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። መድረኩ ላይ ግን አሁንም የሚገናኙት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚቀባበሉትም ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው።

የዚህን ጉዳት በአንድ ጉዳይ ላይ ተጠግተን እንየው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ ከ900 በላይ ወረዳዎችን ያካልላል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ምርት ከገባ በኋላ፣ መዋጮውን ይከፍላል፤ መንግሥት በድጎማ ይደግፋል፤ መክፈል ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ሙከራው ላይ በሄግ የሚገኘው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ተከታታይ ጥናት አድርገዋል። ውጤቱ የሚያበረታታ ነው። የመድን አባል የሆነው ቤተሰብ በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና መጠቀሙ ከ30 እስከ 41 በመቶ ጨምሯል፤ ሲታመም ወደ ብድር የመሄዱም ነገር ቀንሷል። ከሁሉ በላይ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው። ከመጀመሪያው ዓመት አባላት 82 በመቶ ያህሉ አባልነታቸውን አድሰዋል፤ ካላደሱት ይልቅ ያደሱት ደግሞ መድን ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ የተሻለ የሚያውቁት ናቸው። ማለትም፣ ዕውቀት ራሱ አባል ያቆያል። ይህ ግኝት በውጭ መጽሔት ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። መዋጮ ለመሰብሰብ በየዓመቱ ከቀበሌ ቀበሌ የሚንከራተቱት የመድን አስተባባሪዎች ግን ለሥራቸው እጅግ የሚጠቅማቸውን ይህን ግኝት የሰሙት ካሉ ጥቂቶች ናቸው።

አባሉ የሚያየውስ ምንድን ነው? የመድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርድ በነፃ ያወጣል፤ ይመረመራል፤ ማዘዣ ይጻፍለታል። መድኃኒት ክፍሉ ሲደርስ ከታዘዙት ሁለቱ የሉም ይባላል። ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄድና በኪሱ ይገዛል። በሕጉ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር አለ፤ ደረሰኝና ማኅተም ይጠይቃል፤ ወደ ወረዳ መመላለስ ይጠይቃል፤ የትራንስፖርቱ ሂሳብ ሲታሰብ ብዙው ሰው ይተወዋል። በመድኑ መዝገብ ላይ ይህ ሰው የታከመ አባል ነው። በብሔራዊ የጤና ሂሳብ ላይ፣ ያውም ጠያቂው እሱ ቤት ከደረሰ፣ ከኪሱ የከፈለ ሰው ነው። ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው አያውቁም። መድኃኒቱ ለምን እንደጠፋ አባሉ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ «የመድን ተጠቃሚ ስለሆንኩ ነው የደበቁብኝ» ይላል። እውነቱ ጤና ጣቢያው ከመድኑ የሚመለስለት ገንዘብ ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል፤ አቅራቢው መድኃኒቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ ስለማይነበብ ሦስቱም እኩል የሚታመኑ ሆነው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው «ይህ የባለሙያ ነገር ነው፤ ገበሬ ወይም ነጋዴ የጤና ሂሳብ አይገባውም» የሚል ነው። ለዚህ ከዕድር የተሻለ መልስ የለም። በየሰፈሩ የዕድር ገንዘብ ያዥ በጉባኤ ፊት ቆሞ ገቢና ወጪውን ያነባል፤ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ሳይቀሩ «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ብለው ያፋጥጡታል። የመድኑም አሠራር ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ የቀረው በጉባኤው ላይ ለአባሉ የሚገባ ሂሳብ ማንበብ ነው። በመንግሥት በኩልም ልምዱ አለ። በ1998 በተጀመረው መሠረታዊ አገልግሎቶችን የመጠበቅ ፕሮግራም ስር የወረዳ በጀት ለሕዝብ በሚገባ ቀላል ሰንጠረዥ እየተዘጋጀ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ለጤና ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ለመንገድ ስንት። አንዳንዱ ወረቀት ዓመት ሙሉ ሳይቀየር ዝናብ የመታው ነበር፤ እሱ የአፈጻጸም ነው። ሐሳቡ ግን ሰው የማይረዳው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከተመራማሪዎች የሚመጣ ነው። «መረጃው ደካማ ነው፤ ሰው በማስታወስ የተናገረው ነው፤ ለወረዳ ደረጃ የሚበቃ ናሙና የለውም፤ ብናሰራጨው ያሳስታል» ይላሉ። ግማሹ ትክክል ነው። ለአገር የተወሰደ ናሙና ስለ አንድ ወረዳ መናገር አይችልም፤ እንዲናገር ማስገደድም የለብንም። ነገር ግን ወረዳው የራሱ መረጃ አለው፦ የመድኑ ገቢና ክፍያ፣ የጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ፣ በነፃ የታከሙ ሰዎች ቁጥር፣ የጠፉ መድኃኒቶች ዝርዝር። አገር አቀፉ ጥናት ጥያቄውን ያመጣል፤ የወረዳው መዝገብ መልሱን። ደግሞም መረጃ ተደብቆ አይሻሻልም። ቁጥሩን ሰው ሲያየውና «ይህማ እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ሲል ነው ስሕተቱ የሚታወቀው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው እሱ ነው። ከሰበሰቡት መዋጮ በላይ የሚከፍሉ የወረዳ መድኖች አሉ። «ይህን አባላት ካወቁ ይሸሻሉ» ይባላል። እውነት ነው፣ የከሰረ መድን ሂሳቡን ሲያነብ ጉባኤው ሊናወጥ ይችላል። ዝምታውም ግን ዋጋ አለው፤ ያውም የከፋ። ባለመተማመን ቀድሞ የሚወጣው ጤነኛው ነው፤ መዋጮው ከንቱ ሆኖ ይታየዋልና። ሕመምተኛው ይቀራል፤ ምክንያቱም ይጠቅመዋል። ጤነኛው በወጣ ቁጥር መድኑ ይበልጥ ይከስራል። ጤነኛውን የሚያቆየው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ በዚህ ዓመት ማንን እንዳሳከመና ለምን እንዳልበቃ ማወቅ። መዋጮ መጨመር ካስፈለገም ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ቅጣት የተጣለበት ይመስለዋል። የሙከራው ወረዳዎች ጥናት መድኑን የተሻለ የሚያውቁት ሰዎች ይበልጥ እንደሚቆዩ አሳይቷል። መረጃው በእጃችን እያለ በግምት እንፈራለን።

አራተኛውን ደግሞ ከአሜሪካ አመጣላችኋለሁ። አሜሪካ የጤና ወጪዋን እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ዓመት በዓመት ትቆጥራለች፤ ለማንም ክፍት ነው፤ ጋዜጣ ያወራዋል፤ ተመራማሪ ይተነትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ነው፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 17.6 በመቶ፣ ለአንድ ሰው ከ14 ሺህ 500 ዶላር በላይ። ከእኛ 36 ዶላር ጋር ሲተያይ ወደ 400 እጥፍ ነው። የሕዝቧ አማካይ ዕድሜ ግን ከሌሎቹ ሀብታም አገሮች ሕዝብ ያንሳል። «እንግዲህ ማወቅ ምን ጠቀመ?» የሚል ሰው ጥያቄው ልክ ነው። እኔም ማወቅ ብቻውን ወጪ ይገታል አልልም። አሜሪካ ውስጥ ዋጋ የመደራደር ሥልጣኑ ተበታትኗል፤ አሠሪው፣ የግል መድኑ፣ መንግሥቱ፣ ግለሰቡ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፍላል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይወስንም። ዕውቀት የሚሠራው የመወሰን አቅም ካለው እጅ ሲገባ ነው። የእኛ ወረዳ መድን ትንሽ ነው፤ ግን ከፋዩም፣ ጉባኤውም፣ የሚደራደረው ጤና ጣቢያም በአንድ ስፍራ ናቸው። በዚህ ረገድ እኛ ከአሜሪካ የተሻለ ዕድል አለን ማለት ድፍረት አይመስለኝም።

የተሻለ ምሳሌ የሚሆነን ታይላንድ ነች። እዚያ የጤና ሥርዓት ምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ሽፋኑን ለሁሉም ያዳረሰው ሕግ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ። እነ ዶክተር ሳንጉዋን ኒታያራምፖንግ በአነስተኛ ሆስፒታሎች የሞከሩትንና ያጠኑትን ይዘው ከሲቪክ ማኅበራት ጋር ሠሩ፤ ማኅበራቱ ለረቂቅ ሕጉ ሃምሳ ሺህ ፊርማ ለማሰባሰብ ተነሡ፤ ፖለቲከኞች ጥያቄውን ለምርጫ አነሡት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የመድኑ ተቋም በየዓመቱ ከሕዝብና ከሐኪሞች አስተያየት እንዲሰማ በራሱ በሕጉ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሶ የነበረው ከኪስ የሚከፈል ድርሻ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረደ። «ታይላንድ ሀብታም ነች» የሚል ካለ፣ ያኔ የአንድ ሰው ዓመታዊ ገቢዋ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከእኛ በእርግጥ ትበልጣለች፤ ከአውሮፓ ጋር ግን አትነጻጸርም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «የጎደለን ገንዘብ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም» የሚለውን ሰው እረዳዋለሁ። በሚያዝያ 1993 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ፤ እኛ ገና አልደረስንበትም። ከጤና ወጪያችን ሌላውን ሲሶ ሲሸፍን የኖረው ደግሞ የውጭ እርዳታ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 አሜሪካ እርዳታዋን ስታግድ ምን እንደሆነ አይተናል፤ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ አምስት ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በዚያው እርዳታ ይደገፍ የነበረው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ፕሮግራምም ተቋረጠ። የሕፃናት ሞት ቀነሰ ወይስ ጨመረ፣ እናቶች የት ይወልዳሉ የሚለውን በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 የነገረን ይኸው ጥናት ነበር። ሐኪሙ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል፤ ቆጣሪው ሲጠፋ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የሚታወቀው። ታዲያ የጎደለውን ገንዘብ ማን ይሞላዋል? ወይ የመንግሥት በጀት፣ ወይ የመድን መዋጮ፣ ወይ የታማሚው ኪስ። ሌላ ምንጭ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በምክር ቤትና በጉባኤ ክርክር የሚወሰኑ ናቸው፤ ሦስተኛው ያለ ማንም ውሳኔ በራሱ የሚሆን ነው። ክርክር ካልተደረገ ሸክሙ በዝምታ የሚወድቀው ኪስ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱና ገንዘቡ የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም፤ ወረቀቱ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የምንከራከርበት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቀጥለውን ብሔራዊ የጤና ሂሳብ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ወፍራሙን ጥራዝ ከማሳተማችሁ በፊት ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎቹም የሥራ ቋንቋዎች አውጡ፤ በዶላር ሳይሆን በብር፣ በድርሻ ብቻ ሳይሆን በመጠን ጻፉት። ወደ ወረዳ የምትልኩበትም ጊዜ ምርት ገብቶ መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት ይሁን። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለመምህራኖቻችሁ ዕድገት ስትሰጡ ለወረዳ ምክር ቤት የቀረበ የአገር ቋንቋ ጽሑፍንም ቁጠሩ። በ2012 ይፋ የሆነው መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ጥቅል ከሺህ በላይ አገልግሎቶችን ዘርዝሮ የትኛው በነፃ፣ የትኛው ወጪ በመጋራት እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ቢያንስ የነፃዎቹ ዝርዝር በየጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል አጠገብ ይለጠፍ።

እናንተ አድማጮቼ ደግሞ የመድን አባል ከሆናችሁ፣ ወይም አባል የሆኑ ወላጆች አገር ቤት ካሏችሁ፣ ዘንድሮ መዋጮው ሲጠየቅ ሦስት ነገር አስጠይቁ፦ አምና ስንት ተሰበሰበ? ለየትኛው ጤና ተቋም ስንት ተከፈለ? የትኞቹ መድኃኒቶች ስንት ጊዜ ጠፉ? መልስ ካጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመንግሥት መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል።